ናፍጣ ለሩቅ መንገድ

«ሽቶ እንጂ ይኼ ምኑ ነዳጅ ነው!» አሉ አባት፣ ወደ አፋቸው ያስጠጉትን የሻይ ብርጭቆ ሳይቀምሱ መልሰው እያስቀመጡ። «ቤንዚን ገና ሲሸተት የሚያልቅ ነገር ነው። ክዳኑን ከፍተህ እስክትዘጋ ግማሹ በንኗል።»

«አባባ፣ እሱ ድሮ ነው» አለ አማቻቸው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሲከራከር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር በሁለት እጁ ይስባል። «እኔ ደግሞ ልንገርዎት። ናፍጣ የነካው እጅ በሳሙና ቢፈተግ አይለቅም። ነገ የሙሽራ ሱፍ ከኋላ ሰቅዬ ሳደርስ፣ ሰውዬው ጎማ ሲቀይር ያደረ መስሎ ሠርጉ ውስጥ ይግባ?»

«ሙሽራ ከሸተተ ጥፋቱ የገላው ነው፤ ናፍጣ ላይ አታላክክ።»

ትልቋ የልጅ ልጅ የጎረሰችውን ዳቦ ልትተፋ ምንም አልቀራት። ትንሹ ወንድሟ ነገሩ ባይገባውም እሷ ስለሳቀች አብሮ ሳቀ።

«ሳቁ፣ ሳቁ!» አለ ልብስ ሰፊው። «የምንነዳው እኛ፣ የሚመርጡልን እሳቸው።»

«እኔ መቼ መረጥኩ? የማውቀውን ነው የተናገርኩት። አንተስ፣ ስፌት የማያውቅ ሰው ሱፍ ሲቆርጥ ብታይ ዝም ትላለህ?»

«አልልም።»

«እንግዲያው እኔም ዝም አልልም።»

ክርክሩ የተጀመረው ሻዩ ሳይፈላ ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ በቅቤውና በስኳሩ መካከል፣ ከመኪና መሸጫ የመጡ ሁለት ወረቀቶች ተዘርግተዋል። በሁለቱም ላይ ያለችው መኪና አንድ ናት፤ አፍንጫዋ አጭር፣ አምስት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት፣ ለቤተሰብ የተሠራች ትንሽ መኪና። መልኳ አንድ፣ ሆዷ ግን ሁለት ነው። በአንደኛው ወረቀት ላይ ያለችው ናፍጣ ትጠጣለች፣ በሌላኛው ያለችው ቤንዚን።

አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የሥራ ጓደኞቻቸው «ናፍጣው» ይሏቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከተራራው ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከባድ መኪናቸው ይቆምበት የነበረው ግቢ ባዶውን ነው። ልጃቸው መኪና ልትገዛ መሆኑን በስልክ የሰሙ ዕለት ግን አካፋ ተውሰው ግቢውን ደለደሉ፤ ጠጠር አስመጥተው አንዲት ትንሽ መኪና የምታርፍበትን ያህል አለበሱት። ከዚያ ማንም ሳይጠራቸው፣ «ላማክራችሁ» ብለው በአውቶቡስ መጡ።

ናፍጣ የሩቅ መንገድ ነዳጅ እንደሆነ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ይህ ቤተሰብ ያለው ሩቅ መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያበቃው አባት ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ አባት ነገሩን በልባቸው ለሁለት ከፍለው ጨርሰዋል። ናፍጣ ከተገዛ ይመጣሉ፤ ቤንዚን ከተገዛ ቀሩ። በአፋቸው ግን ስለ ሞተር ብቻ ነበር የሚያወሩት። «ናፈቃችሁኝ» ማለት የማይሆንለት ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ ቢውል አይደክመውም።

«ዓለማችን ይቺው ናት እኮ፣ አባባ» አለ ልብስ ሰፊው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትምህርት ቤት፣ የሷ መነጽር ቤት፣ የኔ ሱቅ፣ ገበያ። በመሐረብ ትቋጠራለች። ለዚህ ናፍጣ ምን ይሠራል?»

«እሱን ነው የምልህ! መኪና ሲገዛ ዓለም ይሰፋል። በመሐረብ ለምትቋጠር ዓለም ጋሪ ይበቃል።»

እስካሁን ምንም ያልተናገረችው ልጃቸው ናት። መነጽር ቤት የሰው ዓይን ስትለካ ትውላለች፤ ቤቷም ውስጥ ሰው ሲጨቃጨቅ የደንበኛን ያህል ትታገሣለች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና መልሳ አደረገች።

«እኔ ደንበኛዬን አልከራከርም» አለች። «አንዱን መስታወት አደርግለታለሁ፤ ከዚያ ሌላውን አደርግለታለሁ። ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼ? እላለሁ። ሻጩ ሁለቱንም በተራ ሊያውሰን ፈቅዷል። አንድ ቀን በናፍጣው፣ አንድ ቀን በቤንዚኑ እንውላለን። እስከዚያ ስለ ነዳጅ የሚያወራ ዕቃ ያጥባል።»

ትእዛዙ የጸናው ግን ልጆቹ ጫማቸውን እስኪያስሩ ድረስ ብቻ ነው።

የመኪና መሸጫው ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ወለሉ ከማብረቅረቁ የተነሣ ትንሹ ልጅ ጎንበስ ብሎ ለገዛ መልኩ ምላሱን ያወጣበት ጀመር። ሻጩ ቀጭን ከረባት ያሰረ፣ ፈገግታው የማይነጥፍ ወጣት ነው። ልብስ ሰፊው ገና ከሩቅ ሲያየው፣ «ኮቱ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት ሰፍቶታል» ብሎ ለሚስቱ ሹክ አላት።

«ናፍጣ ይሻላል፣ አይደለም እንዴ?» አሉ አባት ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱት።

«በጣም እንጂ አባቴ! ጉልበት አለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሩቅ መንገድ ላይ የሚተካከለው የለም።»

«ቤንዚንስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቤንዚንማ ምን ይወጣለታል! ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ለከተማ የተፈጠረ ነው።»

«አንተ ራስህ የምትነዳው የቱን ነው?» ብላ ጠየቀች ልጃቸው።

«እኔ እንኳን በእግሬ ነው የምመጣው፣ እህቴ።»

አባት ሞተሩን ካላየሁ አሉ። ኮፈኑ ሲከፈትላቸው የታያቸው ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነበር። ዞረው ከጎን አዩት፤ ጎንበስ ብለው ከታች አዩት።

«ምን ሆኖ ነው የተከናነበው? ታሟል?»

«ለውበት ነው አባቴ።»

«ለውበት! ሰው የሚሸፍነው ነውሩን ነው» አሉና በጣታቸው ክዳኑን ኳ ኳ አድርገው፣ እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ጣል አደረጉበት። ሞተሩ ሲነሣ ግን ፊታቸው በራ። ያ የሚያውቁት ጉርምርምታ ነበር፤ ቢያንስም፣ ቢለሰልስም፣ ያው የናፍጣ ድምፅ ነው። «ይኸው! አለ እኮ! ውስጥ ሆኖ ያወራል።»

በማግስቱ ማለዳ በናፍጣዋ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረሱ። ከዚያ ወደ መነጽር ቤቱ፣ ከመነጽር ቤቱ ወደ ልብስ ስፌቱ፣ ከልብስ ስፌቱ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ተመልሰው ወደ ትምህርት ቤት። አንዱ ከአንዱ ያለው ርቀት ሞተሩ ሞቅ ሲለው የሚያልቅ ነው። ልብስ ሰፊው ኋላ ወንበር ላይ በሰቀለው ኮት ላይ አፍንጫውን እየደቀነ ያሸታል። ምንም አልሸተተም፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ልጆቹ ገብተው በሩ ሲዘጋ ከመሪው ኋላ አንዲት ቢጫ መብራት ቦግ አለች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ።

«ነዳጅ ነው» አለ ባሏ።

«ነዳጅ አይደለም። ነዳጅ ሙሉ ነው።»

«በር ነው» አለች ትልቋ። ሁሉም በራቸውን ከፍተው ዘጉ። መብራቷ አልጠፋችም። አባት ወረዱ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ጫር አደረጉ፤ የጭስ መውጫው ማርሚታ ሥር አጎንብሰው አዩ። ተመልሰው ሲገቡ ያላወቁት ሰው አይመስሉም፤ ግን አላወቁትም። በእሳቸው ዘመን መኪና ሲያመው ይጮኻል ወይም ይጨሳል እንጂ መብራት አያበራም።

ሻጩ ዘንድ ተደወለ። ድምፁ ከስልኩ እየወጣ መኪናውን ሞላው።

«ምንም አይደል፣ አታስቡ! ናፍጣ ጥላሸት አለው፤ ጥላሸቱን የሚይዝ ማጣሪያ ደግሞ ጭስ መውጫው ውስጥ አለ። ሩቅ ሲነዳ ሙቀቱ ራሱ ጥላሸቱን አቃጥሎ ያጸዳዋል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ ከሆነ ግን ይጠራቀማል። እሷ ደግሞ ለሙከራ በሰፈሩ ዙሪያ ብቻ ስትሽከረከር ነው የከረመችው። ከከተማ አውጧትና ሳታቆሙ ደህና አድርጋችሁ ንዷት፤ መብራቷ ራሷ ትጠፋለች።»

አባት ስልኩ እስኪዘጋ አልጠበቁም። ቀበቷቸውን ጎትተው አሰሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «መኪናዋ አገር ማየት አምሯታል። ንጂ!»

ከከተማ ወጡ። ልጃቸው ትነዳለች፣ እሳቸው አጠገቧ ናቸው፣ ልብስ ሰፊው በሁለቱ ልጆች መካከል ተጣብቆ ተቀምጧል። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው መንገዱ ሲከፈት አባት በመስኮቱ አጮልቀው መናገር ጀመሩ፤ ማቆሚያም አልነበራቸው። እዚህ ጎማ ፈነዳብኝ፤ እዚያ ጋ ዝናብ አሳደረኝ፤ ያ መጠምዘዣ ላይ ሙሉ የሽንኩርት ጭነት ገደል ሰጥቼ ወር ሙሉ ሽንኩርት ስሰማ አለቅስ ነበር።

«ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ነው የሚያለቅሰው፣ አባባ» አለች ትልቋ።

«ያልከሰረ ሰው ሲከትፍ ያለቅሳል።»

ዳገቱ ሲጀምር ልጃቸው ማርሽ ለመቀነስ አመነታች። «ዳገቱ ሳይነግርሽ አንቺ ንገሪው» አሏት። ቀነሰችው፤ መኪናዋም ትንፋሿን ሰብስባ ወጣች። ከላይ ደግሞ ከባድ መኪና ሲመጣ አባት ሁለት ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። ሾፌሩ አያውቃቸውም፤ ግን እሱም ሁለት ጣቱን አነሣ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለመጣው ሁሉ ሁለት ሁለት ጣት ሲያነሡ፣ መንገዱ በሙሉ ዘመድ የሞላበት መሰለ። ልብስ ሰፊው እንኳ ሳያስበው አንድ ጊዜ አነሣ፤ ወዲያው ግን ጸጉሩን ያስተካከለ መሰለ።

መብራቷ መቼ እንደጠፋች ማንም አላየም። ዳር ይዘው ሲቆሙ የለችም።

«ይኸው!» አሉ አባት ወርደው ወገባቸውን እያፍታቱ። «መድኃኒቷ ይኼ ነው። አልፎ አልፎ ሩቅ መንገድ። የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ እምቢ አይባልም።»

«ውሻ ናት እንዴ አውጥተን የምናንሸራሽራት?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ከውሻ ትበልጣለች። ውሻ ዘመድ ጠይቁ ብሎ መብራት አያበራም። የኔ ቤት ደግሞ ለማጣሪያዋ ልክ የሚሆን ርቀት ላይ ነው። አስቤበት አይደለም፤ እንዲያው ሆኖ ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ ልጃቸውም ሳቀች። ግን ሳቋ ቶሎ አለቀባት። አባቷ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሄድ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ አሁን ጫማውን ራሱ ያስራል። በየስልኩ «ሲመቸን እንመጣለን» ትላለች፣ እሳቸውም «ሲመቻችሁ» ይላሉ፣ ስልኩም ይዘጋል። ያ ሁሉ የሞተር ወሬ ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ኑ ብሎ መለመን ያቃታቸው ሰው የሚለምንላቸው ማጣሪያ አግኝተዋል።

የቤንዚኗ ቀን ሲደርስ አባት አኩርፈው ገቡ። መኪናዋ ተነሣች፤ መነሣቷን ያወቁት ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ነው። ትምህርት ቤት ደረሱ፣ መብራት የለም። ሱቁ ደረሱ፣ መብራት የለም። ልብስ ሰፊው በየፌርማታው ጉሮሮውን እየጠረገ ከመናገር ይቆጠባል፤ ዕቃ ማጠብ አይወድም።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀይ በርቶ ሲቆሙ አባት ድንገት ቀና አሉ።

«ጠፋች።»

«አልጠፋችም፣ አባዬ።»

«ጠፍታለች ነው የምልሽ። ምንም አይሰማም እኮ! አስነሺ፣ አስነሺ፣ አሁን ሰው ከኋላ ይጮኽብሻል።»

ልጅነት ክፉ ነው። መኪናዋ አለመጥፋቷን በዓይኗ እያየች፣ ያ ድምፅ ሲያዝዛት የልጅቱ እጅ ራሱ ሄዶ ቁልፉን ጠመዘዘ። መኪናዋ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት ለቀቀች። እግረኛው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች።

«ምን ሆነች?» አሉ አባት ደንግጠው።

«አለሁ ማለቷ ነው» አለች ትልቋ ከኋላ።

ልብስ ሰፊው ከዚያ በላይ አልቻለም፤ ሜትሩን አፉ ውስጥ ወትፎ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አባባ፣ ናፍጣ እኮ ጆሮዎትን በልቶታል! ከፈለጉ እኔ ከኋላ ሆኜ ልጉረምርምልዎት፤ ድር ድር ድር!»

«ዕቃ ታጥባለህ» አለች ሚስቱ ሳትስቅ። አባት እስከ ቤት ድረስ በመስኮት እያዩ ሄዱ።

በማግስቱ አባት በምሳ ሰዓት መነጽር ቤት ብቅ አሉ። ደንበኛ አልነበረም። ልጃቸው ዓይን መለኪያው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ በዓይናቸው ላይ መስታወት እየተቀያየረ የሚገባበትን ከባድ የብረት መነጽር አደረገችላቸው። ጉጉት መሰሉ።

«እኔ ዓይኔን አላመመኝም።»

«አውቃለሁ። ዝም ብለህ መልስልኝ።» አንድ መስታወት ከተተች። «ናፍጣውን ገዝተን፣ ቢጫ መብራት ሲበራ አንተ ጋ እንመጣለን።» አወጣችና ሌላ ከተተች። «ወይም ቤንዚኑን ገዝተን፣ መብራት ሳይበራ እንመጣለን። ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼ?»

አባት በመስታወቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ አዩ።

«ሁለተኛው ደብዛዛ ነው» አሉ።

«ለምን?»

«‹ሲመቸን› ያለበት ነዋ። ሲመቸን የሚባል ቀን እስካሁን አላየሁም። መብራት ከሆነ ግን ይበራል፤ በርቶ ያየሁት ነው።»

ከዚህ የበለጠ ግልጥ ነገር ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። እሳቸውም ራሳቸው ደነገጡ መሰል፣ መነጽሩን ቶሎ ለማውለቅ ሲታገሉ ጆሯቸው ላይ ተያዘባቸው።

«ቀስ በል፣ አባዬ፣ እኔ ላውልቅልህ» አለች። እጇ ጆሯቸው ላይ እንዳለ፣ «እኔ አንተ ጋ የምመጣው የጭስ መውጫ ላጸዳ አይደለም» አለች።

«እሱማ ልክ ነሽ።» ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «ቤንዚኑን ግዢ። ለልጆቹ ትምህርት ቤት እሱ ነው የሚሆነው፤ ባልሽ አልተሳሳተም። እንዳትነግሪው ብቻ። እኔ እንደሁ በአውቶቡስ እመጣለሁ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «አውቶቡስ ናፍጣ ነው።»

ቤንዚኗ ተገዛች። አባት ለመሄጃቸው የመረጡት ቅዳሜን ነበር፤ ማንንም ከሥራ ላለማስፈታት። መናኸሪያ ድረስ ሁሉም ሊሸኟቸው ተነሡ። አባት ከፊት ተቀመጡና ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ልጃቸው ኋላ እንክተተው ብትል ቦታ አይበቃም አሉ፤ እውነትም ከዕቃው ብዛት የኋላው ክዳን የተዘጋው ልብስ ሰፊው ተቀምጦበት ነው። ትንሹ ልጅ ትራሱን አቅፎ ገባ። አባት መናኸሪያ ድረስ ትራስ ይዞ የሚሄድ ሰው አይተው አያውቁም። ግን አልጠየቁም። አማቻቸው ደግሞ ቁልፍ ያልተተከለለት ኮት፣ መርፌና ክር ይዞ ገባና ገና ሳይንቀሳቀሱ መስፋት ጀመረ።

«መስኮቱን ዝጋው» አሉ አባት። «ነፋስ ሲገባ ነዳጅ ትበላለች።»

«አባባ፣ ክፍቱን ቢሆን ምን ያህል ትበላለች? ሙቀት ነው እኮ።»

«ትበላለች ነው የምልህ። ንፋስ ተሸክማ ነው የምትሄደው።»

«ንፋስ ይመዝናል?»

«አንተ ጨርቅ እንጂ ምን መዝነህ ታውቃለህ? ሸራው የተፈታ ተሳቢ ነድቼ የማውቅ እኔ ነኝ።»

«ጨርቅ አይመዘንም፤ ይለካል።»

«ይኸው፣ ይኼንንም አልመዘንክም ማለት ነው።»

ወደ መናኸሪያው የሚያስገባው መታጠፊያ መጣ። በግራ በኩል አውቶቡሶቹ ተሰልፈው እየጨሱ ይታያሉ፤ ረዳቶቹ ይጣራሉ፤ አንድ ሰውዬ ፍራሽ ወደ ጣሪያ ይወረውራል። ልጅቱ ፍሬቻ አላሳየችም። መታጠፊያውን አልፋ ወደ ተራራው መንገድ ማርሽ ጨመረች።

«ግማሹን ልዝጋው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

«ግማሽ ብሎ ነገር የለም። ወይ ዝጋው፣ ወይ ክፈተው» አሉ አባት፣ ሻንጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው እግራቸው ሥር እያስቀመጡ።

«እሺ ይኸው፣ ዘጋሁት። ደስ አለዎት?»

«አሁን ደግሞ ሞቀኝ» አሉ አባት። «ትንሽ ክፈተው።»